«በመስቀል ሰሞን የሚነሳብኝ በሽታ ትዳሬን ሊያሳጣኝ ነው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤያችን የመጣው ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከሱሉልታ ሜዳ አለፍ ብላ ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ነው። ጸሐፊዋ ስሟም ሆነ የከተማዋ ስም እንዳይወጣ አደራ ብላናለች። አራት ገጽ ስለሆነ አሳጥረነዋል፤ ቃሉ ግን የራሷ ነው።

«ይድረስ ለአዘጋጁ። ዕድሜዬ 26 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ጉለሌ ነው። ዲግሪዬን እንደያዝኩ አንድ ባንክ ቀጠረኝና እዚህ ቅርንጫፍ ገንዘብ ከፋይ ሆኜ ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ምንም አልሆንኩም። እንዲያውም አገሩን ወድጄው ነበር። መስከረም ላይ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ ፎቶ እያነሳሁ ለእጮኛዬ እልክለት ነበር።

ነገሩ የጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት የመስቀል ሰሞን ነው። ጠዋት ከቤት ወጥቼ ባንክ እስክደርስ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አከታትዬ አስነጥሳለሁ። አፍንጫዬ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። ዓይኔ ይቀላል፣ ላንቃዬ ሳይቀር ያሳክከኛል። ትኩሳት የለኝም። ጉንፋን ነው ብዬ ዳማከሴ ጠጣሁ፤ ሳይነስ ነው ሲሉኝ በባሕር ዛፍ ታጠንኩ። ኅዳር ሲጋመስ በራሱ ለቀቀኝ። እህል ሲወቃ ደግሞ ለጥቂት ቀን ተመልሶ መጣ።

ዘንድሮ ያው ሆነ፣ ግን ባሰ። መስኮቱ ላይ ደንበኛ ፊት ሳስነጥስ ሰው ፊቱን ያዞራል። ኃላፊያችን ‹ወይ ታከሚ ወይ ፈቃድ ውሰጂ፣ ደንበኛ እያሸሸሽብን ነው› አለኝ። አንድ ፋርማሲ የሰጡኝ ኪኒን ያፈዘኛል፤ እሱን ውጬ በሠራሁበት ቀን ሁለት ሺህ ብር ጎደለብኝና ከኪሴ ከፈልኩ። ሌላ ፋርማሲ ስሄድ ‹ዴክሳ› የሚሉትን ትንንሽ ኪኒን ሰጡኝ። በሁለተኛው ቀን ዳንኩ ማለት ይቻላል። ሲያልቅ እየገዛሁ ይኸው ስድስት ሳምንት ሳላቋርጥ እየዋጥኩ ነው። አሁን ግን ፊቴ አበጠ፣ ጉንጬ ክብ ሆነ፣ ሆዴም ገፋ አለ። ባልደረቦቼ ‹አርግዛለች› እያሉ ያንሾካሹካሉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ሌሊት ደረቴ እያፏጨ ትንፋሽ አጥሮኝ ተቀምጬ አነጋሁ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ያስለኛል። አከራዬ እንደ እናት የሚያዩኝ ሴት ናቸው፤ ሳሌን ሲሰሙ የቡና ሲኒዬን ለብቻ አደረጉት። ምንም አላሉኝም። ሲኒው ብቻ ተለየ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

እጮኛዬ ጥር ላይ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ወሬው ግን እነሱ ቤት ደርሷል፤ እናቱ ‹ልጅቱ የደረት በሽታ አለባት ይባላል› ብለዋል። ባለፈው ሊጠይቀኝ ሲመጣ ‹እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንድን ነው ያለብሽ?› አለኝ። ምን ልበለው? እኔም አላውቀውም። ሥራውን ለቅቄ ቤተሰቤ ጋ ልመለስ? ወይስ ተመርምሬ ጉዴን ልስማ? ፈርቻለሁ።»

ውድ እህታችን፣ ስለ ሽማግሌውም ስለ ሲኒውም እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን የማያሳድር ነገር አለ፤ እሱም ያ ትንሽ ኪኒን ነው።

«ዴክሳ» ያልሽው ዴክሳሜታዞን ይባላል። ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ሲሆን እጅግ ብርቱ ነው። በሐኪም እጅ ሆኖ ለጥቂት ቀን ሲሰጥ ሰው ያድናል። አንቺ እንደምታደርጊው ለሳምንታት ሲዋጥ ግን ፊትን ያከብባል፣ ሆድ ላይ ስብ ያከማቻል፣ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ሰውነት ተላላፊ በሽታን የሚመክትበትን ኃይል ያዳክማል። የጉንጭሽም የሆድሽም ምስጢር ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ላንሾካሿኪዎቹ መልስ መስጠት የለብሽም።

ታዲያ «ዛሬውኑ ሽንት ቤት ውስጥ ልድፋው» እንዳትይ! ሰውነታችን በኩላሊት አናት ላይ ካሉ ዕጢዎች የራሱን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ያመርታል። ከውጭ ለሳምንታት ሲገባለት «እኔ ምን አስለፋኝ» ብሎ ማምረቱን ያቆማል። ኪኒኑ በድንገት ሲቋረጥ ያ ዕጢ ገና አልነቃም፤ ሰውየው አቅሉን ይስታል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ለሕይወት የሚያሰጋም ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት፣ ካመቸሽም ነገ፣ የኪኒኑን መያዣ በቦርሳሽ ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስንት ሚሊግራም፣ በቀን ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደወሰድሽ ሳትደብቂ ተናገሪ። ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ያስቆምሻል። ይህንን መድኃኒት ያለ ማዘዣ እንደ ከረሜላ የሚሸጥ ሰው ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃል፤ ስለ እሱ ሌላ ቀን እንጽፋለን።

አሁን ወደ በሽታው። በደብዳቤ በሽታ አይታወቅምና የመጨረሻው ቃል የሐኪም ነው። ቢሆንም የጻፍሽው ሁሉ አንድ አቅጣጫ ያሳያል። ማስነጠሱ ተከታታይ ነው፣ ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ዓይንና ላንቃ ያሳክካሉ፣ ትኩሳት የለም፣ በየዓመቱ በዚያው ወር መጥቶ በዚያው ወር ይሄዳል። ጉንፋን እንዲህ አይደለም። ጉንፋን በሳምንት በአሥር ቀን ይለቃል፤ ላንቃን አያሳክክም፤ ከሁሉም በላይ ቀን ቆጥሮ መስቀልን ጠብቆ አይመጣም። ያንቺ የአበባ ብናኝ አለርጂ ይመስላል።

ፈረንጆች ይህን በሽታ «የድርቆሽ ትኩሳት» ብለው ሰየሙት። ስሙ አሳሳች ነው፤ ትኩሳት የለውም፣ ድርቆሹም ዋናው ጥፋተኛ አይደለም። መጀመሪያ በሥርዓት የጻፈው ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ለንደን ላይ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ብሎ ያቀረበው የራሱን ታሪክ ነበር። በየዓመቱ በጋቸው ሲገባ ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል፣ ደረቱን ያፍነዋል። መንስኤውን ግን አላገኘውም፤ የፀሐዩ ሙቀት መስሎት ነበር። ቻርልስ ብላክሊ የሚባለው የማንችስተር ሐኪም፣ እሱም በዚሁ በሽታ የሚሰቃይ ነበር፣ የሣር ብናኝ በራሱ አፍንጫና በተጫረ ቆዳው ላይ እየሞከረ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ አሳየ። ብናኙ ከፍ ባለ አየር ላይ ይኖር እንደሆነ ለማወቅም ልጆች የሚጫወቱበትን የወረቀት ካይት አጣብቂኝ እየቀባ ወደ ሰማይ ሰድዷል። እንግዲህ ያንቺ በሽታ የታወቀ፣ የተጠና፣ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው በሽታ ነው። የሚያሳፍር አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ብናኙ ምንድን ነው? የአበባ ወንዴ ዘር ነው፤ ዱቄት ይመስላል። አንዷ የሣር ብናኝ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት ታንሳለች። በራሷ ምንም አትጎዳም። ችግሩ የእኛ ሰውነት ዘበኛ ነው። አንዳንድ ሰው ዘበኛው ቁጡ ነውና ተራውን መንገደኛ ሌባ ነው ብሎ ጩኸቱን ያቀልጠዋል፤ ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል፣ አፍንጫ ያብጣል፣ ውሃ ይፈስሳል፣ ማስነጠስ ይከተላል። ዘበኛው ግን ጠላት ብሎ ለመመዝገብ መጀመሪያ ብናኙን ማየት አለበት። ለዚህ ነው የመጀመሪያውን ዓመት ምንም ያልሆንሽው። ያን ዓመት በሜዳው መሀል ፎቶ ስታነሺ ሰውነትሽ ስም እየመዘገበ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ንጹሕ ሰው እናስፈታ፤ አደይ አበባን! ብዙ ሰው መስከረም ላይ ሲያስነጥሰው ዙሪያውን ያያል፣ ቢጫውን አበባ ያያል፣ «አንተ ነህ» ይለዋል። አደይ አበባ ግን ያጌጠው ንብ ለመጥራት ነው። ብናኙ ከበድ ያለና የሚጣበቅ ነው፤ በንብ እግር ይሄዳል እንጂ በነፋስ ብዙ አይበርርም። ደንቡን ያዢው፤ ያጌጠና የሚሸት አበባ ለነፍሳት የተሰናዳ ነው። ጥፋተኛው ማንም ዞሮ የማያየው፣ አበባ አለው ብለን የማንቆጥረው ሣር ነው። ሣር ንብ አይጠራም፤ ዘሩን ለነፋስ ነው የሚሰጠው። ነፋስ ደግሞ አድራሻ አያውቅምና አንዷ ቅንጣት ሴቴዋን እንድታገኝ እልፍ አእላፍ መበተን አለበት።

ያለሽበት አገር እንግዲህ የሣር አገር ነው። ከሱሉልታ ጀምሮ ያለው ሜዳ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ጠጥቶ፣ ዝናቡ መስከረም ላይ ሲያበቃ በአንድ ጊዜ ያሸታል፣ ያብባል። ጥቅምትና ኅዳር ታጭዶ ድርቆሽ ሆኖ ይከመራል፤ የአዲስ አበባ ላምና በግ የሚበላው ከዚያ ነው። አንቺን የሚያምሽ ቀንና የሣሩ የማበቢያ ቀን አንድ ላይ መሄዱን ልብ በይ። እህል ሲወቃ ተመልሶ የመጣብሽ ደግሞ የአበባ ብናኝ ሳይሆን የአውድማው አቧራ፣ እብቁና የገለባው ሻጋታ ሊሆን ይችላል፤ የቆሰለ አፍንጫ ጢስም ያስቆጣዋል። ጤፉን ግን አትጠርጥሪው፤ በአመዛኙ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው፣ ወደ አየር የሚለቀው ብናኝ ጥቂት ነው። የበቆሎ ብናኝ ብዙ ቢሆንም ትልቅና ከባድ ስለሆነ እዚያው ማሳው አጠገብ ይወድቃል። ባሕር ዛፍም የንብ ዛፍ ነው። ጥድና ወይራ ግን ለነፋስ የሚሰጡ ዛፎች ናቸው፤ ደብር አጠገብ የሚኖር ሰው ይህንን ቢያስታውስ አይከፋም።

በውጭ አገር ቴሌቪዥኑ የዝናቡን ወሬ ሲያወራ የብናኙንም መጠን ጨምሮ ይነግራል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ስንት ቅንጣት አለ ብለው በመሣሪያ ይቆጥራሉ፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ የሣር ብናኝ 50 ሲሞላ «ከፍተኛ»፣ 150 ሲሞላ «እጅግ ከፍተኛ» ይባላል። በእኛ የአየር ትንበያ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገር ሰምተን አናውቅም። ስለዚህ ቆጣሪው አንቺው ነሽ። አንድ ደብተር ግዢና በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፊ፤ ስንት ጊዜ አስነጠሰሽ፣ ቀኑ ነፋሻ ነው ወይስ ዝናብ፣ የት ዋልሽ። ሐኪሙ ፊት ይህ ደብተር ከአራት ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል።

ደብተሩን ስትሞዪ የምታገኚውን አስቀድመን እንገምት። ፀሐይ ጤዛውን ካደረቀች በኋላ ያለው ጠዋት ይከፋል፤ ወደ ሥራ የምትሄጂበት ሰዓት መሆኑ ነው። ደረቅና ነፋሻ ቀን ይከፋል። ሲመሽ አየሩ ሲበርድ ከላይ የነበረው ብናኝ ወደ መሬት ስለሚወርድ እንደገና ያስነጥሳል። ረጋ ያለ ዝናብ አየሩን ያጥበዋል፣ ያ ቀን እፎይታ ነው። ነጎድጓድ ያለበት ማዕበል ግን ሌላ ነው። እርጥበቱ ቅንጣቶቹን ይፈነዳቸዋል፤ ስብርባሪያቸው በአፍንጫ ሳይጣራ በቀጥታ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 2016 ሜልበርን፣ አውስትራሊያ፣ ሣር ባበበበት ወቅት እንዲህ ያለ ማዕበል ተነስቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ምሽት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ጎረፈ፤ 10 ሰዎችም ሞቱ። ከእነዚያ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አስም እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ይህን የምንነግርሽ ልናስፈራራሽ ሳይሆን ያ ደረትሽ ያፏጨበት ሌሊት ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

አዎ፣ አፍንጫና ሳንባ አንድ ቧንቧ ናቸው። አለርጂ ያለበት ሰው ሁሉ አስም አይዘውም፤ ማታ ማታ የሚያስልና ደረቱ የሚያፏጭ ግን መመርመር አለበት። አስም ከሆነ የሚነፋ መድኃኒት ይታዘዝልሻል። በእኛ አገር «ቬንቶሊን አንዴ ከለመድሽው አትላቀቂውም» የሚል ወሬ አለ። ሱስ አይደለም። እውነቱ ሌላ ነው፤ ቬንቶሊን ቧንቧውን ለጊዜው ይከፍታል እንጂ የውስጡን ቁጣ አያበርድም። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ብቻውን እንዳይሰጥና የሚነፋ ስቴሮይድ አብሮት እንዲሆን የሚመክረው። «ስቴሮይድ!» ብለሽ እንዳትደነግጪ። የሚነፋው መጠን እጅግ ጥቂት ነው፣ የሚያርፈውም ሳንባ ላይ ነው፤ ስድስት ሳምንት ከዋጥሽው ጋር አይነጻጸርም። ከነፋሽ በኋላ አፍሽን በውሃ ተጉመጥመጪ። ደግሞ አንድ ሌሊት ዓረፍተ ነገር መጨረስ እስኪያቅትሽ ካጠረሽ፣ ከንፈርሽ ከጠቆረ፣ ነገ ይነጋል ብለሽ አትጠብቂ። ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ አስነስተሽ ሂጂ።

ለአፍንጫው ሦስት ነገር አለ። አንደኛ ያፈዘዘሽ ኪኒን ከቀድሞዎቹ ወገን፣ እንደ ክሎርፌኒራሚን ያለ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱን ውጦ ገንዘብ መቁጠርም መኪና መንዳትም አይገባም። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉት አዲሶቹ እምብዛም አያፈዝዙም፣ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃሉ፣ ዋጋቸውም የሚቀመስ ነው። ሴትሪዚን ጥቂት ሰው ያንቀላፋዋልና ማታ ጀምረሽ እይው። ሁለተኛው ከሁሉ የሚሻለው ነው፤ ወደ አፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ። ሥራውን በደንብ የሚሠራው በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ነውና ሁለቴ ረጭተው «አልሠራም» ብለው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ለከርሞ ሣሩ ሳያብብ፣ ጳጉሜ ላይ ጀምሪው። ስትረጪ ጫፉን ወደ አፍንጫ መሀል ግድግዳ ሳይሆን ወደ ውጭ ጎን አዙሪው፤ ያለዚያ ያደማሻል። ሦስተኛው ጨው ነው፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተሽ ከሥራ ስትመለሺ አፍንጫሽን እጠቢበት። የቧንቧ ውሃ ሳይፈላ አይሆንም። ወዲያው የሚከፍተው የአፍንጫ ጠብታ ግን ከሦስት እስከ አምስት ቀን በላይ እንዳይሄድ፤ ከዚያ በኋላ ራሱ አፋኝ ይሆናል። በባሕር ዛፍ መታጠኑንም ተይው፤ አስም ያለበትን ደረት ያስቆጣል፣ በፈላ ውሃ የተቃጠለም ብዙ ሰው አለ።

ቤትሽን ደግሞ ተመልከቺ። ድርቆሽ ከመስኮትሽ ሥር ተከምሮ ከሆነ ሌላ ቦታ እንዲሆን በትሕትና ጠይቂ። ፍራሽሽ የሣር ከሆነ ቀይሪው። ጠዋት መስኮት ዝጊ። ወደ ሥራ ስትሄጂ ነጠላሽን አፍንጫሽ ላይ መለስ አድርጊ፣ ወይም ማስክ አድርጊ፤ በኮሮና ጊዜ የለመድነው ነገር ስለሆነ ማንም አያይሽም። የአፍንጫሽን ጠርዝ ቫዝሊን ቀባ ብታደርጊው ጥቂት ብናኝ ይይዛል። ስትመለሺ ፊትሽንና ፀጉርሽን ታጠቢ፣ ልብስ ውጭ አታስጪ። በቡና ላይ የሚጎዘጎዘው ለምለም ሣርና የዕጣኑ ጢስም በዚህ ሰሞን ላንቺ አይሆኑም። እዚህ ላይ ሳንጠይቅ አናልፍም፤ አከራይሽ ቡና ባፈሉ ቁጥር አንቺ ስታስነጥሺ ምን ይመስላቸው ይሆን?

ሲኒውን በተመለከተ በእሳቸው አትፍረጂ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ገጠር የተደረገ ነበር፤ አስም በከተሜው ዘንድ ከገጠሬው በርክቶ ተገኝቷል። በአውሮፓም ከከብት ጋር ያደጉ የገበሬ ልጆች አለርጂ እንደሚያንሳቸው ታይቷል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በዚያ ሣር መሀል ሲኖሩ አላስነጠሳቸው ይሆናል። ሣር ሰውን ያሳምማል ብትያቸው ይስቁብሻል። ሳል ማለት ግን እሳቸው ዘንድ ሳንባ ነቀርሳ ማለት ነው፤ ያንን በሽታ አይተውታል፣ ቀብረውበታልም ይሆናል።

ስለዚህ ተመርመሪ። ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው አክታ መመርመር ለማንም ደንብ ነው፤ ያንቺ ደግሞ ሞልቶታል። ያ የዋጥሽው ኪኒንም የተኛ ነቀርሳን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ምርመራው ይበልጥ ይገባሻል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም መድኃኒቱም በነጻ ነው። ነጻ ነሽ ከተባልሽ ወረቀቱን ይዘሽ አከራይሽ ጋ ግቢ፤ ቡና አንቺ አፍይላቸው፣ ወረቀቱንም አንብቢላቸው። ቢገኝብሽም በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ደግሞ ነቀርሳ በትንፋሽና በሳል እንጂ በሲኒ አይተላለፍም፤ ይህንንም ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው። እናቱ ዘንድ ግን ወረቀት አትላኪ። እሱ የእጮኛሽ ሥራ ነው።

እጮኛሽ «ምንድን ነው ያለብሽ?» ብሎ መጠየቁን እንደ ክህደት አትዪው። የሚሸሽ ሰው አይጠይቅም። «አላውቀውም፣ ማክሰኞ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ አብረኸኝ ግባ» በይው። ከሐኪሙ አፍ ራሱ ይስማ። ከገባ፣ ከእናቱ ፊት የሚቆምልሽ ምስክር አገኘሽ። ካልገባ ደግሞ ከጥር በፊት ማወቅሽ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አትደብቂው፤ የአለርጂ ዝንባሌ በዘር ይተላለፋል። ልጆቻችሁ ያስነጥሱ ይሆናል። ለዚህ ሲባል የፈረሰ ትዳር ካለ እኛ ጋ ደብዳቤው አልደረሰም።

ሥራውን ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ አሁን አትልቀቂ። እስካሁን ታክመሽ አታውቂም፤ ሌላ ሰው ያዘዘልሽን ነገር ስትውጪ ነው የከረምሽው። አንድ መስከረም በወጉ ታክመሽ እለፊና ካልሆነ ያን ጊዜ የሐኪም ወረቀት አያይዘሽ ዝውውር ጠይቂ። አዲስ አበባም ብትመጪ ሣሩ ቢያንስ የመኪና ጢሱ አለ። ለኃላፊሽም «እየታከምኩ ነው፣ ተላላፊ አይደለም» የሚል ወረቀት አስጽፊለት፤ ከተቻለም በጥቅምት ከመስኮቱ አንስቶ ከኋላ ያለ ሥራ ይስጥሽ።

በዚሁ ጉዳይ ሁለት አጫጭር ደብዳቤዎችም ደርሰውናል።

ከድሬዳዋ የጻፍክልን ወጣት፣ አጎትህ እርሻ ላይ አረም ስትነቅል እጅህንና አንገትህን ሽፍ የሚያደርግህ፣ ፊትህንም የሚያሳክክህ ያ ነጫጭ ትንንሽ አበባ ያለው አረም በእናንተ አገር ፈረምሲሳ፣ በሌላው አገር ቅንጨ አረም የሚባለው ነው። አገሩ አሜሪካ አህጉር ነው፤ ለኛ መጤ ነው። በሕንድም ከ1950ዎቹ ወዲህ ተዛምቶ ብዙ ገበሬ ቆዳውን አሳምሟል። ብናኙ ያስነጥሳል፣ ቅጠሉ ቆዳ ያስቆጣል፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል። በባዶ እጅ አትንካው። ጓንትና እጅጌ ያለው ልብስ ልበስ፣ ሳያብብ ንቀለው፣ ስትጨርስ ገላህን ታጠብ። ሽፍታው ካልለቀቀህ የቆዳ ሐኪም ይይህ።

ከሰበታ የጻፍሽልን እናት፣ «ያገሩን ማር የበላ ሰው ያገሩ አበባ አያስነጥሰውም» የሚሉሽ ማስረጃ የሌለው ነገር ነው። ማር ውስጥ ያለው ንብ የለቀመችው ብናኝ ነው፤ የሚያስነጥስሽ ደግሞ ንብ የማትነካው የሣር ብናኝ ነው። ጉሮሮሽን ካለሰለሰልሽ ብዪው። ለሰባት ወር ልጅሽ ግን፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ዓመት ሳይሞላው ማር አታቅምሺው፤ በሕፃን አንጀት ውስጥ መርዝ የሚያመነጭ ተሐዋሲ ሊኖርበት ይችላል።